ቀለል ያለ ቅርንጫፍ ጌም ከማውረዳችሁ በፊት ማስታወቂያውን እንዴት ታነቡታላችሁ?

የምትወዱት ትልቅ ጌም ቀለል ያለ ቅርንጫፍ፣ ማለትም ከዋናው ተከታታይ ውጭ በዚያው ዓለም ላይ የተሠራ ትንሽ ጌም፣ ሊወጣለት ነው ተባለ እንበል። ገና ሳትነኩት ስሙን ሰምታችኋል፣ ትሬለሩን (አጭሩን የማስታወቂያ ቪዲዮ) አይታችኋል፣ ምን ምን እንደሚኖረውም በልባችሁ ወስናችኋል። ያንን ግምት የሠራላችሁ ማስታወቂያው ነው። እኔ ቀለል ያሉ ጌሞችን ከልቤ እወዳለሁ። ጥሩ የሆኑት በማስታወቂያ ጥፋት ሲሰደቡ ማየት ያሳዝነኛል። ስለዚህ ገንዘባችሁንም ስሜታችሁንም ከማውጣታችሁ በፊት እንዲህ አድርጉ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መጀመሪያ ስሙን መርምሩ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የጌም ስም ግን በገበያ ስሌት የሚወጣ ነው። በ2010 የወጣው "ላራ ክሮፍት ኤንድ ዘ ጋርዲያን ኦፍ ላይት" የዋናውን ተከታታይ ጀግና ላራን ይዞ "ቶምብ ሬይደር" የሚለውን የተከታታዩን ስም ሆን ብሎ ትቶታል። ከላይ ወደ ታች የሚታይ፣ ለሁለት ሰው የሚሆን ጌም ነበር። ተጫዋቹም ሌላ ነገር እንደመጣ ከስሙ ገባው። "ሜትሮይድ ፕራይም፡ ፌደሬሽን ፎርስ" ግን የዋናውን ተከታታይ ስም እንደያዘ በ2015 ተዋወቀ። የምትጫወቱት የተከታታዩን ጀግና ሳሙስን ሆናችሁ ሳይሆን ወታደር ሆናችሁ ነው። ለዓመታት አዲስ ሜትሮይድ ሲጠብቁ የነበሩ ሰዎች ጌሙ ይሰረዝ ብለው ፊርማ አሰባሰቡ። ስሙ ውስጥ የዋናው ተከታታይ መጠሪያ ሙሉ በሙሉ ካለ፣ ግምታችሁን ራሳችሁ ዝቅ አድርጉ።

ቀጥሎ የት፣ መቼ እና ለማን እንደተዋወቀ ተመልከቱ። ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ነው። በ2018 ብሊዛርድ የተባለው ጌም ሠሪ ኩባንያ "ዲያብሎ ኢሞርታል"ን ያስተዋወቀው ብሊዝኮን በተባለው የራሱ ዝግጅት ላይ፣ በመክፈቻው መጨረሻ ነው። አዳራሹን የሞሉት ቲኬት ገዝተው የመጡ፣ አብዛኞቹም በኮምፒውተር የሚጫወቱ አድናቂዎች ናቸው። ኩባንያው ከወራት በፊት በርካታ የዲያብሎ ሥራዎች እንዳሉት ተናግሮ ጉጉቱን ራሱ ቀስቅሶታል። በኋላ ግምቱን ለማርገብ ቢሞክርም ብዙዎች የዋናውን ተከታታይ ቀጣይ ክፍል "ዲያብሎ 4"ን ይጠብቁ ነበር። የመጣው የሞባይል ጌም ሆነ። ለኮምፒውተር እንዳልታሰበ ሲሰማ ተቃውሞ ተነሳ፤ ከመድረክም "ስልክ የላችሁም እንዴ?" የሚል መልስ መጣ። ያኔ ስለ ጌሙ ጥራት ገና ምንም አልታወቀም፤ የወጣው በ2022 ነው። ቁጣው የመጣው ማስታወቂያው የመክፈቻው መጨረሻ ላይ ከመቀመጡ ነው። የመጨረሻው ቦታ "ትልቁ ዜና ይሄ ነው" ይላልና።

ከዚህ ጋር "ፎልአውት ሼልተር"ን አነጻጽሩ። እሱም ለስልክ የተሠራ ቀላል ጌም ነው። በ2015 ሲተዋወቅ ግን "ፎልአውት 4" በዚያው መድረክ ላይ በሰፊው ቀርቧል፤ ትንሹም በዚያው ምሽት ለአይፎን ተለቀቀ። ማንም ዋናውን ተነጠቅን አላለም። በ2018 "ፖክሞን ሌትስ ጎ" ሲተዋወቅም በቀጣዩ ዓመት ሌላ ዋና ጌም እንደሚመጣ አብሮ ተነግሯል። ስለዚህ ማስታወቂያ ስታዩ "ዋናው የት አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካልሰጣችሁ፣ ባዶውን ቦታ በራሳችሁ ምኞት አትሙሉት።

ከዚያ ወረቀት ያዙ። ከዋናው ጌም የምትወዷቸውን ሦስት ነገሮች ጻፉ። ትሬለሩን ድጋሚ ክፈቱና የተጫዋቹ እጅ የሚሠራውን ብቻ ተከታተሉ። እንደ ፊልም የተሠራውን ክፍል ዝለሉት፤ እሱ ስለ አጨዋወቱ ምንም አይነግራችሁም። በ"ሌትስ ጎ" ከዱር ፖክሞን (ተጫዋቹ ከሚይዛቸው ፍጡራን) ጋር እንደበፊቱ ተዋግቶ ማዳከም አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ እንደ ስልኩ ጌም "ፖክሞን ጎ" መያዣ ኳሱን ወርውሮ መያዝ ነው። የምትወዱት ውጊያውን ከሆነ ይሄ ለእናንተ ትልቅ ጉድለት ነው። ለጀማሪ ልጅ ግን መልካም መግቢያ ነው። በ2014 የወጣው "ሂትማን ጎ" ደግሞ ገጸ ባሕርያቱን እንደ ጠረጴዛ ጨዋታ ጠጠር አድርጎ አሳየ። አንድ ምስል ብቻ ያየ ሰው በተራ የሚጫወቱት እንቆቅልሽ መሆኑን ያውቃል። ሐቀኛ ማስታወቂያ ማለት ለእኔ ይሄ ነው።

"ነጻ" የሚል ቃል ካለ ቆም በሉ። "ሱፐር ማሪዮ ራን" በ2016 በነጻ ይወርድ ነበር፤ ከጥቂት ደረጃዎች በኋላ ግን 10 ዶላር ያህል ይጠይቃል። ዋጋው አስቀድሞ ተነግሯል። ሆኖም መደብሩ ላይ የታየው ነጻ መሆኑ ስለነበር ብዙዎች ዝቅተኛ ነጥብ ሰጡት። በ2014 ደግሞ የብሪታንያ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ፣ የ"ዳንጀን ኪፐር" የሞባይል ጌም ማስታወቂያ "ነጻ" በማለቱ ያሳስታል ብሎ ወስኗል። ሳይከፍሉ መጫወት ረጅም መጠበቅ ነበረውና። መደብሩ ገጽ ላይ ወደታች ውረዱና በጌሙ ውስጥ የሚሸጡትን ነገሮች ዝርዝር አንብቡ። የሚሸጠው ተጨማሪ ደረጃ ነው ወይስ ጥበቃን ማሳጠሪያ? ሁለተኛው ከሆነ ጌሙ የተሠራው ሊያስጠብቃችሁ ነው።

በመጨረሻ የሌሎችን አስተያየት አንብቡ፤ ግን ለዩ። "ይሄ ዋናው አይደለም" የሚለው ቅሬታ ስለ ማስታወቂያው ነው። "መቆጣጠሪያው ይዘገያል፣ ደረጃዎቹ ይደጋገማሉ" የሚለው ስለ ጌሙ ነው። ተጫውታችሁ ስትጨርሱ እናንተም ሁለቱን ለየብቻ ጻፉ፤ ከእናንተ በኋላ ሊያወርድ የሚያስበው ሰው የሚያስፈልገው ይህ መረጃ ነው።