ማናስሉን በእግር ለመዞር እንዴት ይታቀዳል? ከበሩ ወደ ኋላ ቁጠሩ

ሳማጋውን ላይ ያረፍንበት ቤት እመቤት ጠዋት በእንጨት ገበቴ ዱቄት አቀረበችልን። ትኩስ ሻይ ጠብ አደረገችበት፣ ቅቤ ጨመረች፣ በጣቶቿ አሸት አሸት አድርጋ ጠቀለለችና ሰጠችኝ። ቀመስኩት። በሶ ነው! እዚያ ጻምፓ ይሉታል። ገብስ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ በቃ። ከባሕር ጠለል በላይ 3,530 ሜትር ላይ፣ ለቲቤት ድንበር ቅርብ በሆነ መንደር፣ የአያቴን ቤት ቁርስ እየበላሁ ነበር።

ሂማላያ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ኤቨረስትን ነው። እኔ ግን ጉልበትና ሁለት ሳምንት ተኩል ላለው ሰው የማናስሉን ዙሪያ እመክራለሁ። ማናስሉ በኔፓል ጎርካ አውራጃ ያለ፣ 8,163 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በዓለም ስምንተኛው ተራራ ነው። ጫፉን ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጡት በ1956 እ.ኤ.አ. የጃፓን ቡድን አባላት ናቸው። እናንተ ግን ጫፉ ላይ አትወጡም። ዙሪያውን ትዞራላችሁ። የቡዲ ጋንዳኪን ወንዝ ይዛችሁ ከሩዝ ማሳ ትነሳላችሁ፣ ገብስና ድንች በሚያበቅሉ መንደሮች ታልፋላችሁ፣ በመጨረሻ ላርኬ ላ የሚባለውን 5,106 ሜትር ትሻገራላችሁ። "ላ" በቲቤትኛ በተራሮች መካከል ያለ ማለፊያ ነው፤ እኛ ጣርማ በር እንደምንለው ያለ በር።

መጀመሪያ ቀናቱን ቁጠሩ

ሰው ሁሉ ሲያቅድ ከመነሻው ይጀምራል። "የእረፍት ፈቃዴ 14 ቀን ነው፣ በ14 ቀን እንጨርሰዋለን" ይላል። አደጋው እዚህ ላይ ይጀምራል። እኔ የምላችሁ ከላርኬ ላ ወደ ኋላ ቁጠሩ ነው። በሩን በጤና ለማለፍ ሰውነታችሁ ስንት ቀን ይፈልጋል? መጀመሪያ እሱን ያዙ። የአውሮፕላን ቲኬት ከዚያ በኋላ ይቆረጣል።

ሐኪሞች የሚሰጡት መመሪያ ግልጽ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ፣ የምታድሩበት ቦታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አይበል። በየሦስትና አራት ቀኑ ደግሞ ከፍታ ሳትጨምሩ አንድ ሌሊት ድገሙ። ቀን ላይ ከፍ ብሎ መውጣት ችግር የለውም፤ ዋናው የምትተኙበት ነው።

በዚህ ስሌት መንገዱ እንዲህ ይመጣል። ከካትማንዱ ሙሉ ቀን በመኪና ተጉዛችሁ ማቻ ኮላ ታድራላችሁ። ከዚያ በእግር ጃጋት (1,340 ሜትር)፣ ዴንግ (1,860)፣ ናምሩንግ (2,630)፣ ልሆ (3,180)፣ ሳማጋውን (3,530)። ሳማጋውን ላይ አንድ ቀን ቁሙ። መቆም ማለት መተኛት አይደለም። ቢሬንድራ ሐይቅ ቅርብ ነው፤ ጉልበት ካላችሁ ደግሞ ወደ ፑንግየን ገዳም ውጡና ማታ ተመለሱ። ቀጥሎ ሳምዶ (3,875)። ከቲቤት ተሰደው የመጡ ሰዎች የመሠረቷት መንደር ናት። እዚህም አንድ ቀን ድገሙ። ለምን መሰላችሁ? የሚቀጥለው ማደሪያ ዳራምሳላ 4,460 ላይ ነው፤ በአንድ ቀን ወደ 600 ሜትር ትጨምራላችሁ። ከላይ ካልኩት ልክ ያልፋል። መሐል ላይ ሌላ ማደሪያ ስለሌለ ማካካስ የሚቻለው ሳምዶ ላይ በመቆየት ብቻ ነው። በማግስቱ ላርኬ ላን አልፋችሁ ቢምታንግ ትወርዳላችሁ፤ ከዚያ ዳራፓኒ፣ ከዚያ መኪና።

13 ቀን መጣ። አሁን ሁለት ትርፍ ቀን ጨምሩ። በረዶ ይጥላል፣ ናዳ መንገድ ይዘጋል፣ ሰው ይታመማል። ትርፍ ቀን የሌለው ሰው ራሱን እያመመው ሽቅብ ይወጣል፣ በረራው እንዳያመልጠው። ከበረራ በፊት ካትማንዱ ለመቆየት የያዛችሁት ቀን ለብቻው ነው፤ ከነዚህ ጋር አትቀላቅሉት።

ወቅቱ

ይሄ ለእኛ ቀላል ነው፤ ክረምታቸው ከክረምታችን ጋር ይገጥማል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ነው፣ መንገዱም ይናዳል። ጥቅምት ሲገባ ሰማዩ ይጠራል። ምርጡ ወር ጥቅምት ነው፤ ሁለተኛው ምርጫ መጋቢትና ሚያዝያ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በሩ በበረዶ ሊዘጋ ይችላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ዳሻይን የሚባለው ትልቁ የኔፓል በዓል በመስከረምና በጥቅምት መሐል ይውላል። መሥሪያ ቤቶች ለቀናት ይዘጋሉ፣ ሁሉም ወደ ትውልድ መንደሩ ስለሚሄድ መኪናም ይጠፋል። የዓመቱን ቀን አስቀድማችሁ አጣሩ፤ አለዚያ ፈቃድ ሳትይዙ ካትማንዱ ቁጭ ትላላችሁ።

ቪዛና ፈቃድ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ኔፓል ለአብዛኛው ዓለም አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ቪዛ ትሰጣለች፤ ኢትዮጵያ ግን ከዚህ ውጪ ከተደረጉት ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። ቪዛውን ከመነሳታችሁ በፊት ከኔፓል ኤምባሲ ማውጣት አለባችሁ። ለዚህ ወራት አስቀድማችሁ ጀምሩ። የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት ያላችሁ እዚያው ስትደርሱ ታገኛላችሁ፤ የ30 ቀኑ 50 ዶላር ነው። ከኢትዮጵያ የምትነሱ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን አትርሱ።

ማናስሉ የተከለለ አካባቢ ስለሆነ ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ለመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት 100 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ቀን 15 ዶላር። በሌሎቹ ወራት 75 እና 10 ነው። በተጨማሪ የማናስሉና የአናፑርና ጥበቃ ቦታዎች መግቢያ አለ፤ መውጫው በአናፑርና በኩል ስለሆነ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ፈቃዱን በግላችሁ ማውጣት አትችሉም። የተመዘገበ የጉዞ ወኪልና ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ግዴታ ነው። ደንቡም ዋጋውም ስለሚለዋወጥ ከመክፈላችሁ በፊት ወኪሉን ጠይቁ። ቀናቱን ስታስሞሉ የእረፍትና የትርፍ ቀኖቹ መቆጠራቸውን በዓይናችሁ እዩ። ወኪሎች ዋጋ ለማሳነስ አጭር ቀን ይጽፋሉ፤ እኔም ላይ ደርሶ ኬላ ላይ ስንጨቃጨቅ ግማሽ ቀን ሄዷል።

ወኪሉን ስትመርጡ ስለ ተሸካሚው ጠይቁ። ኢንሹራንስ አለው? ለብርዱ የሚሆን ልብስና ጫማ አለው? ስንት ኪሎ ይሸከማል? የተለመደው አንድ ተሸካሚ ለሁለት ተጓዥ ነው፣ ከ20 እስከ 25 ኪሎ። ስለዚህ የአንድ ሰው ሻንጣ ከ12 ኪሎ አይለፍ። በነጠላ ጫማ በረዶ ላይ ሰው ሲሸከም ካያችሁ፣ ያንን ርካሽ ዋጋ የከፈለው ማን እንደሆነ ይገባችኋል።

ለራሳችሁም ኢንሹራንስ ግዙ። ውሉ ላይ ሁለት ነገር ፈልጉ፦ እስከ 6,000 ሜትር መሸፈኑንና የሄሊኮፕተር ማውጫ መኖሩን። ተራ የጉዞ ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ ይህን ከፍታ አያካትትም።

ሰውነታችሁን አዘጋጁ

ሦስት ወር በቂ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ደረጃ ውጡ፣ ቅዳሜ ረጅም ጉዞ ሂዱ፣ ቦርሳ ተሸከሙ። ዱባይና ዶሃ ያላችሁ ተራራ የለንም አትበሉ፤ የፎቁ ደረጃ ተራራችሁ ነው። መውረዱንም ተለማመዱ፣ ጉልበት የሚጎዳው ቁልቁለት ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ እንጦጦ አለላችሁ። ባሌ ሳነቲ ላይ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ሰሜን ተራሮች፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ከሳንካበር በጊች ወደ ጨነቅ የሚሄደው ጉዞ ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ልምምድ ነው፤ ማደሪያዎቹ ከ3,200 ሜትር በላይ ናቸውና ሰውነታችሁ ከፍታ ላይ ሲተኛ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ።

ደጋግሜ የምሰማው ነገር አለ፦ "እኔ አዲስ አበቤ ነኝ፣ ከፍታ አይነካኝም።" እውነት ነው፣ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ የኖረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሌላው ይቀለዋል። እስከ ናምሩንግ ድረስ ከቤታችሁ ብዙም ከፍ አትሉም። ችግሩም ይሄ ነው። ጎበዝ እንደሆናችሁ ይሰማችኋል፣ ትሮጣላችሁ፣ አንድ ማደሪያ ትዘላላችሁ። 5,000 ሜትር ላይ የምትስቡት ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው ግማሽ ገደማ ነው። እሱን የአዲስ አበባ ሳንባ አያካክሰውም። የሯጭ ጉልበት ያለው ወጣት ሲታመም፣ ቀስ የሚሉ አዛውንት በሰላም ሲያልፉ አይቻለሁ።

ሻንጣው

አዲስ ጫማ አትያዙ። ቢያንስ ሁለት ወር የተረገጠ ቡትስ ይሁን፤ ውሃ የቋጠረ እግር ይዞ ሳምንት መሄድ ስቃይ ነው። የላባ ጃኬት፣ የዝናብ ልብስ፣ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የሚችል የመኝታ ከረጢት፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ሁለት ዱላ፣ የፀሐይ መነጽር፣ ከጫማ ስር የሚታሰር የብረት ጥርስ። የመኝታ ከረጢቱንና ጃኬቱን ካትማንዱ ታሜል ሰፈር መከራየት ይቻላል። የውሃ ማከሚያ ኪኒን ያዙ። ጥሬ ገንዘብ በትናንሽ ኖት ያዙ፤ ካትማንዱን ከለቀቃችሁ በኋላ በኤቲኤም አትተማመኑ። በሶም ያዙ። ከምር ነው፤ ላርኬ ላ ላይ ሌላ ምግብ አልዋጥ ሲል እሱ ወርዶልኛል።

መንገድ ላይ

የበቅሎ ጭነት ሲመጣ ወደ ግድግዳው ተጠጉ፣ በገደሉ በኩል አትቁሙ። ጭነቱ ከሆዷ ሰፍቶ ስለሚወጣ ሳታውቅ ትገፋችኋለች። በተንጠልጣይ ድልድይ ላይ በቅሎ ከገባች ጠብቁ፣ አብራችሁ አትግቡ።

ጸሎት የተቀረጸባቸው የድንጋይ ግንቦች ታገኛላችሁ፤ ማኒ ይሏቸዋል። ስታልፉ ግንቡ በቀኛችሁ ይሁን። አይረገጥም፣ አይቀመጡበትም። ሰው ፎቶ ስታነሱ አስፈቅዱ። የእነዚህ መንደሮች ቤቶች በ2015 እ.ኤ.አ. በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ የተመቱ ናቸው፤ መነሻው እዚያው ጎርካ ውስጥ ነበር። ብዙው የምታርፉበት ቤት ከዚያ በኋላ በሰው ትከሻና በበቅሎ ጀርባ ተጭኖ በመጣ ዕቃ የቆመ ነው። የሻይ ዋጋ ከፍ ባላችሁ ቁጥር ሲጨምር አትከራከሩ።

ምግቡ ዳል ባት ነው፦ ሩዝ፣ ምስር፣ አትክልት፤ አብዛኛውን ጊዜም ይደገምላችኋል። ለጾመኛ የተመቸ ነው፣ ቅቤ እንዳይገባበት ብቻ ንገሩ። ጉዞው በዐቢይ ጾም የሚውልባችሁ ግን ሳይበሉ መውጣት አይቻልምና ከመነሳታችሁ በፊት የንስሐ አባታችሁን አማክሩ።

ራስ ምታት ሲጀምር

ሳምዶ ላይ ጓደኛዬ ማታ እራት አልበላም አለ። ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። "ድካም ነው" አለ። ከ3,000 ሜትር በላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ አንድ ላይ ሲመጡ፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ የከፍታ ሕመም ነው ብላችሁ ያዙት። ሕጉ አጭር ነው፦ ምልክቱ እያለ አትውጡ፤ ከባሰ ውረዱ። ጠዋት ሲብስበት ወደ ሳማጋውን ወረድን። በማግስቱ ዳል ባት ሁለት ጊዜ አስደግሞ በላ። ከሁለቱ ትርፍ ቀኖቻችን ሁለቱንም በላን፣ ግን አብረን አለፍን።

ቁጭ ብሎ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ አረፋ ያለው ሳል የሚያስለው፣ ወይም ቀጥ ብሎ መራመድ ያቃተውና ንግግሩ የተምታታ ሰው ካለ እስኪነጋ አይጠበቅም። በሌሊትም ቢሆን ይውረድ፣ ብቻውን ግን አይላክ። ዳያሞክስ የሚባለው መድኃኒት መከላከያ ሊሆን ይችላል፤ የተለመደው መጠን በቀን ሁለት ጊዜ 125 ሚሊግራም ነው። ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩት፣ በተለይ የሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ካለባችሁ። ደግሞ መድኃኒቱ የእረፍት ቀንን አይተካም።

በሩን የምታልፉበት ሌሊት

ዳራምሳላ መንደር አይደለችም። ጥቂት የድንጋይ ክፍሎችና ድንኳኖች ናቸው፤ ጥቅምት ላይ ይሞላሉ። አስጎብኚያችሁ ቦታ የሚይዝ ሰው ጠዋት አስቀድሞ ይላክ። ማታ ብዙ አትተኙም፣ አትጨነቁ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው። ውሃችሁን ሞልታችሁ የመኝታ ከረጢት ውስጥ አስገቡት፤ ውጪ ካደረ በረዶ ይሆናል። የስልክና የካሜራ ባትሪም አብሮ ይተኛ።

በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ላይ ተነሱ። ምክንያቱ ነፋስ ነው፤ ረፋዱ ላይ በሩ ላይ ይነሳል። አሥር እርምጃ፣ ትንፋሽ፣ አሥር እርምጃ። በሩ ላይ የጸሎት ባንዲራዎቹ የታሰሩበት ቦታ ስትደርሱ ፎቶ አንሱና ቶሎ ልቀቁ። ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ከመውጣቱ ይከፋል፤ ልል ድንጋይና በረዶ ነው። የብረቱን ጥርስ እዚህ እሰሩ። ሙሉው መንገድ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ይወስዳል።

ቢምታንግ ስትደርሱ ጫማ ከማውለቃችሁ በፊት ተሸካሚዎቹ መድረሳቸውን አረጋግጡ። ጉርሻቸውን በየስማቸው በፖስታ አድርጋችሁ ለእያንዳንዳቸው በእጃችሁ ስጡ፤ በአንድ ሰው በኩል ሲያልፍ ይቀንሳል። ከእንግዲህ የማያስፈልጋችሁን ጓንትና ካልሲ አብራችሁ ስጡ። እነሱ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሰው ይወጣሉ።