የቮልስ ኮምቢ ካርቡሬተር ሲያስቸግር፦ ደሴና ኮምቦልቻ ለሚመላለስ

ከኮምቦልቻ ስትነሱ ሞተሩ ደህና ነበር። የሐረጎን ጠመዝማዛ ግማሽ እንደወጣችሁ ይቆራረጥ ጀመር። ደሴ ስትገቡ ጭሱ ጠቁሯል። ነዳጅ መርገጫውን ስትለቁት ደግሞ ጥፍት ይላል። ያኔ ሁላችንም እጃችን ቀድሞ የሚሄደው ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቅለው ካርቡሬተር ብሎኖች ነው።

እባካችሁ አትንኳቸው። ቢያንስ ገና አትንኳቸው።

መጀመሪያ ከፍታውን አስቡ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። ሁለቱን የሚለያያቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ብቻ ነው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ቤንዚን ይበዛበታል። ዳገት ላይ ጉልበት ማነሱ በራሱ ብልሽት አይደለም። መቆራረጥና ጥቁር ጭስ ግን ምክንያት አላቸው።

ካንዴላውን አንብቡ

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አራቱንም ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) ፍቱና በቅደም ተከተል ደርድሯቸው። ጫፉ የቡና ገለባ ከመሰለ ጥሩ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቷል። ከነጣ አየር በዝቷል፤ ይሄኛው የበለጠ ያስፈራል። የኮምቢ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ቤንዚን ሲያንሰው ሙቀቱ ይጨምርና ቫልቭ ያቃጥላል። አንዱ ብቻ ጠቁሮ ሌሎቹ ደህና ከሆኑ ጥፋቱ የካርቡሬተሩ ላይሆን ይችላል። የዚያን ሲሊንደር ካንዴላና ገመድ እዩ።

እግረ መንገዳችሁን ፑንቲናውን (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቡተር ውስጥ ያለውን መክፈቻና መዝጊያ) ለኩ፤ ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። የቫልቩ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። እነዚህ ሳይስተካከሉ ካርቡሬተር ማስተካከል ልፋት ነው።

ቤንዚን ይደርሳል?

የአየር ፊልትሮውን አንሱ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉም ተዘግቶ፣ ወደ ካርቡሬተሩ አፍ እያያችሁ ነዳጅ መርገጫው የሚያንቀሳቅሰውን ክንድ በእጃችሁ አንዴ ግፉት። ቀጭን ጠንካራ የቤንዚን ጅረት ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት። ጠብታ ብቻ ከሆነ ወይም ምንም ከሌለ፣ ወይ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚጠራቀምበት ሳህን ባዶ ነው፣ ወይ የትንሿ ፓምፕ ላስቲክ ተቀዷል። ነዳጅ ስትረግጡ ሞተሩ መጀመሪያ ደንገጥ ብሎ ከዚያ የሚነሳ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ መነሻው ይህ ነው።

እዚያው ሳላችሁ የቤንዚኑን ጎማ አጣጥፋችሁ እዩት። ከተሰነጠቀ ዛሬውኑ ቀይሩት። ቤንዚን የሚገባበት የነሐስ ቱቦም በእጅ ሲወዘወዝ መንቀሳቀስ የለበትም። በእነዚህ ሞተሮች ላይ እሳት ከሚያስነሱት ነገሮች አንዱ ይኸው ቱቦ መውጣቱ ነው። እሳት ማጥፊያ መኪናው ውስጥ ይኑር።

ነዳጅ ሲለቀቅ የሚጠፋ ከሆነ

ይህን ሰፋ አድርጌ የምጽፈው እኔን ስላስለቀሰኝ ነው። አንድ ጋራዥ ወስጄው ብሎኖቹን ሁሉ አዞሩልኝ፤ ከፍዬም ወጣሁ፤ ችግሩ ግን አብሮኝ ወጣ።

1600ው ሞተር ላይ ባለው ሶሌክስ 34 ፒክት 3 ካርቡሬተር ጎን፣ አንድ ሽቦ የተሰካባት ሲሊንደር መሳይ ነገር አለች። ቁልፉን ስትዘጉ የሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን) ቤንዚን የምትዘጋ ናት። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱና ሽቦውን ነቅላችሁ መልሱት። "ቀጭ" የሚል ድምፅ መስማት አለባችሁ። ድምፅ ከሌለ ኤሌክትሪክ አልደረሳትም ወይም ራሷ ሞታለች።

ቀጭ ካለች የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉና የሚኒሞ ጄቱን (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ጠባብ ቀዳዳ ያለውን ብሎን) በካቻቪቴ ፍቱት። ወደ ሰማይ አንስታችሁ በቀዳዳው ብርሃን ፈልጉ። የእኔን ሳነሳው ምንም አልታየኝም። ቀዳዳው ላይ ከጤፍ ፍሬ የምታንስ የዝገት ቅንጣት ቁጭ ብላለች፤ ከአሮጌው ታንከር የመጣች ናት። በአየር ነፋሁት፤ ወጣች። በሽቦ አትውጉት፤ ቀዳዳው ከሰፋ ጄቱ አለቀለት። ከካርቡሬተሩ በፊት ፊልትሮ ካላስገባችሁ ደግሞ ተመልሳ ትመጣለች።

አየር የሚያስገባ ስንጥቅና ብርድ

የካርቡሬተሩን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) እና ድብልቁን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያደርሰውን ቱቦ፣ የማኒፎልዱን፣ የጎማ ማያያዣዎች እዩ። ሞተሩ እየሠራ በመርጫ ጥቂት ውሃ መጋጠሚያዎቹ ላይ ብትረጩ፣ ድምፁ የተለወጠበት ቦታ አየር ያስገባል። ውሃው ዲስትሪቡተሩ ላይ እንዳይደርስ። ቤንዚን ወይም ሌላ የሚቀጣጠል ነገር እንዳትረጩ።

ክረምት ላይ የጦሳን ተራራ ጉም ሲሸፍነው ጠዋት ጠዋት የሚቆራረጥ ከሆነ፣ ከካርቡሬተሩ ሥር ማኒፎልዱን እዩ። ላብ አልቦት ወይም በረዶ ለብሶ ካገኛችሁት፣ ከጭስ ማውጫው ሙቀት የሚያመጣለት ቀጭን ቱቦ በጥላሸት ተደፍኗል። መጠረግ ነው ያለበት።

አሁን ብሎኑን ንኩ

ሞተሩን በደንብ አሙቁ፤ ቾኩ (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየሩን የሚያጠበው ክዳን) ሙሉ በሙሉ ይከፈት። 34 ፒክት 3 ላይ ጎን ለጎን ሁለት ብሎኖች አሉ። ትልቁ ፍጥነቱን፣ ትንሹ ድብልቁን ይቆጣጠራል። ክንዱ ላይ ያለውን ብሎን ለሚኒሞ አትጠቀሙበት፤ ብዙ ካርቡሬተር የሚበላሸው በዚያ ነው።

ትንሹን ቀስ ብላችሁ እስኪነካ አስገቡት፤ አታጥብቁት። ከዚያ ሁለት ዙር ተኩል አውጡት። በትልቁ ሚኒሞውን በደቂቃ 850 ዙር ገደማ አድርሱት። ትንሹን በዝግታ እያወጣችሁ ሞተሩ በጣም የሚፈጥንበትን ቦታ ፈልጉ፤ ከዚያ ፍጥነቱ ትንሽ እስኪወርድ መልሳችሁ አስገቡት። በትልቁ እንደገና 850 ላይ አምጡት።

ማስተካከያውን ደሴ ላይ አድርጋችሁ ዳገቱ ላይ አሁንም ጥቁር ጭስ ካለ፣ ቀጣዩ ዋናው ጄት ነው። የተጻፈበት ቁጥር የቀዳዳው ስፋት ነው፤ 127.5 ማለት 1.275 ሚሊ ሜትር። አንድ ደረጃ ያነሰ ሞክሩ። ከዚያ ሐረጎን አንዴ ውጡና ካንዴላውን እንደገና ፍቱ። ነጥቶ ከመጣ የድሮውን ጄት መልሱ።