«ጊዜያዊ ነው» ተብሎ ሐይቅ ዳር የሚቆም ቅርጽ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቋሚ ሐውልት የሚያቆም ሰው ይቆፍራል፣ ፌሮ ያስራል፣ መሐንዲስ ያማክራል። ለሁለት ወር ሐይቅ ዳር የሚቆም ሥራ ሲሆን ግን ሁሉም ነገር በአንድ ሰበብ ይታለፋል። መሠረቱስ? ጊዜያዊ ነው። ብየዳውስ? ጊዜያዊ ነው። ሲያልቅ ማን ያነሳዋል? ኧረ ጊዜያዊ ነው! እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ጊዜያዊ ሥራ መሬት ውስጥ ስላልገባና ሣር ላይ ተቀምጦ በገዛ ክብደቱ ብቻ ስለሚቆም ከቋሚው የበለጠ ስሌት ይፈልጋል።

ይህን የምጽፈው ሐዋሳን፣ በተለይ ፍቅር ሐይቅ የሚባለውን የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ እያሰብኩ ነው። ባሕር ዳርና ቢሾፍቱ ያላችሁም ብዙው ይሠራላችኋል።

ነፋስን አለማስላት

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ሰው የሚገድለው ይሄ ነውና።

ስቱዲዮ ውስጥ ነፋስ የለም። አራት ሰው እያቃሰተ የጫነውን ሥራ አይተን «ይሄን ደግሞ ማን ይጥለዋል!» እንላለን። ነፋስ ግን የሚያየው ስፋትን ነው። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ፣ ከከባድ ዝናብ ቀድሞ ድንገት እንደሚነሳው ዓይነት፣ ፊት ለፊት ባገኘው በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 25 ኪሎ ገደማ ይገፋል። (የሐዋሳ ከፍታ አየሩን ስለሚያሳሳው ግፊቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ ጠፍጣፋ ነገር ደግሞ ጨምሮ ይቀበላል። ሁለቱ ይጣፋሉና በ25 ያዙት።) 2 በ3 ሜትር የሆነ ላሜራ አቁማችኋል እንበል። 6 ካሬ ነው፤ 150 ኪሎ ይገፋዋል ማለት ነው። ግፊቱ የሚያርፈው ደግሞ እግሩ ላይ ሳይሆን የላሜራው መሃል ላይ ነው፤ ያ ከመሬት 2 ሜትር ከፍ ብሎ ከሆነና መቆሚያው 1 ሜትር ስፋት ብቻ ካለው፣ ላለመገልበጥ ያህል እንኳ ጠቅላላ ክብደቱ 6 ኩንታል መሆን አለበት። ለጥንቃቄ በግማሽ ጨምሩበትና 9 ኩንታል ያዙ። መቆሚያውን 2 ሜትር ብታሰፉት ግን አራት ኩንታል ተኩል ይበቃችኋል። ሲሚንቶ ከመደርደር እግር ማስፋት ይረክሳል፤ ይህን ለስንቱ እንደነገርኩ እንጃ፣ የሚሰማኝ ግን ጥቂት ነው፤ «ሰፊ እግር መልኩን ያበላሸዋል» ይሉኛል። መሬት ላይ የተጋደመ ቅርጽ መልክ ያለው ይመስል!

«ሦስት ሳምንት ቆሞ ምን ሆነ?» የሚል ክርክርም አለ። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በ36 ኪሎ ሜትር ነፋስ ንቅንቅ ሳይል የከረመ ሥራ በ72 ምን እንደሚሆን ምንም ማረጋገጫ አይሰጣችሁም። በዚያ ላይ እርጥብ ሣር ያንሸራትታል፤ ሳይገለበጥ የሚሄድም አለ።

ነፋሱ ስንት ሲደርስ ሥራው ከቦታው ዞር እንደሚደረግ ወይም ዙሪያው እንደሚታጠር ቀድማችሁ ወስኑ፤ ውሳኔውንም ጥበቃው እጅ ላይ በጽሑፍ አስቀምጡ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር ስልካችሁን እስክታነሱ የሚጠብቅ ጥበቃ አይረዳም።

ይህን ሁሉ ስል ተራ ሰው ላይ ብቻ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ። ባልና ሚስት የጥበብ ሰዎች የሆኑት ክሪስቶና ዣን-ክሎድ እ.ኤ.አ. በ1991 ካሊፎርኒያና ጃፓን ውስጥ 3,100 ግዙፍ ጃንጥላዎች ሲያቆሙ ገንዘብም መሐንዲስም አላጡም፤ ካሊፎርኒያ ላይ ነፋስ አንዱን ከመሠረቱ ነቅሎ አንዲት ጎብኚ ገደለ፤ ትርኢቱም በዚያው ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ፣ ቼስተር-ለ-ስትሪት በምትባል ከተማ ወንዝ ዳር ባለ መናፈሻ፣ ሰው ውስጡ እየገባ የሚያየው በአየር የተነፋ ትልቅ የፕላስቲክ ሥራ ማሰሪያውን በጥሶ ሰዎችን እንደያዘ ከመሬት ተነሳ። ሁለት ሴቶች ሞቱ። የሁለቱም ትርኢት ጊዜያዊ ነበር።

በመክፈቻው ዋዜማ ባነር ማሰር

የነፋሱ ታናሽ ወንድም ነው። ቀራጺው በደንብ አስልቶ፣ ነፋስ እንዲያልፍበት ክፍት ክፍት አድርጎ ሠርቷል። ማታ ላይ ስፖንሰሩ ይመጣና «እዚህ እግሩ መሃል ባነራችን ቢወጠር ያምራል» ይላል። ያ ባነር የጀልባ ሸራ ማለት ነው። እኔ ባለሁበት አንድ በቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ በሆነ ብረት) የተሠራ ሥራ በዚህ ምክንያት ከነመቆሚያው ዘመመ፤ ከሥሩ ፎቶ ይነሱ የነበሩ ሰዎች የተረፉት ዝናቡ ቀድሞ ስላባረራቸው ነው። ስፖንሰሩ በማግሥቱ የጠየቀው ስለ ባነሩ ነበር። ባነር የራሱ እንጨት ይተከልለት።

«አትንኩ» የሚል ጽሑፍ ማመን

ፍቅር ሐይቅ ቅዳሜና እሑድ ሙሽራ፣ ሚዜ፣ ፎቶ አንሺና ቬሎ ነው። ፎቶ አንሺው ሙሽሪትን የናንተ ሥራ ላይ ያስደግፋታል፣ ሚዜዎቹን ያስወጣቸዋል፤ ከእነሱ በኋላ ልጆች ይወጣሉ። ይህን በጽሑፍ መከልከል አይቻልም፤ ስለዚህ ሥራችሁ ሰው እንደሚወጣበት ዕቃ ይሠራ። ጉልበት በሚደርስበት ቁመት ላይ መርገጫ የሚሆን ቦታ ባይኖረው ይመረጣል። ጠርዙ በፍሌክሲብል (በብረት መቁረጫና መሞረጃ ማሽን) ተሞርዶ በእጃችሁ ታሽቶ ይፈተሽ። በፀሐይ ሲግል የሚያቃጥል ጥቁር ላሜራ ከልጅ እጅ ራቅ ይበል።

አንድ ቁጥር ደግሞ በቃላችሁ ያዙ፤ ከ9 እስከ 23 ሳንቲ ሜትር። የልጆች መጫወቻ የሚሠሩ ሰዎች በዚህ ስፋት መሃል ያለ ክፍተትን ይፈሩታል፤ የልጅ ሰውነት ያልፍና ጭንቅላት ይይዛል። የቱቦላሬ ፍርግርግ የምትበይዱ ሁሉ፣ ወይ አጥብባችሁ ወይ አስፍታችሁ ሥሩ።

ዳዶን ለፈጣሪ አደራ መስጠት

ቁራሌው አለ። ቡሎኑ በተጠበቀ ማግሥት ዳዶው ይጠፋል። ከተጠበቀ በኋላ በአንድ ነጥብ ብየዱት፤ በአንድ ነጥብ ብቻ፣ ማንሻው ቀን ፍሌክሲብል በቀላሉ እንዲቆርጠው።

የታሸገ ቱቦላሬ

ውሃ መግቢያ አያጣም፣ መውጫ ነው የሚያጣው። ከታች ቀዳዳ ብሱለት።

ፀሐይ የት እንደምትገባ አለማየት

የሐዋሳ ከተማ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ናት። ሰው ሐይቁን ሲያይ ወደ ምዕራብ ያያል፣ ወደ ዳርቻው የሚወርደው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ቅርጻችሁ ለአብዛኛው ተመልካች የሚታየው ፀሐይ ከጀርባው ሆና ነው። ለወራት የለፋችሁበት የፊት ገጽታ፣ የእጅ ጅማት፣ የጥርብ አሻራ ሁሉ ጠቁሮ ይጠፋል፤ የሚቀረው የዳር መስመሩ ነው። ጥሩ የዳር መስመር ያለው ሥራ እዚያ ቦታ ላይ ንጉሥ ይሆናል፣ ያለበለዚያ ግንድ ይመስላል። መጠንም እንዲሁ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ጣሪያ የነካ ሥራ ሐይቅ ፊት ሲቆም ያንሳል። ከሥራው በፊት በእንጨትና በካርቶን በልኩ ሠርታችሁ አሥር ሰዓት ላይ ቦታው ላይ አቁሙና ከሩቅ እዩት። ግማሽ ቀን የማይፈጅ ነገር ነው፤ የሚያደርገው ሰው ግን የለም ማለት ይቻላል።

ውሃው ባለበት ይቆያል ማለት

የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። የገባው ውሃ የሚቀንሰው በአብዛኛው በትነት ነውና ዝናቡ ሲበዛ ዳርቻው ይገፋል። በበጋ ለክታችሁ ውሃው ጫፍ ላይ ያስቀመጣችሁት መቆሚያ ክረምቱ ሲያልቅ ውሃ ውስጥ ሊቆም ይችላል። ውሃ ውስጥ የገባ ኮንክሪት ደግሞ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ክብደቱን ያጣል፤ ያ 9 ኩንታላችሁ ወደ አምስት ተኩል ወረደ ማለት ነው። ሌሊት ሣር ለመጋጥ የሚወጣ ጉማሬም አለ፤ በመንገዱ ላይ የተወጠረ ካቦ (የብረት ገመድ) አይወድም።

ፎም

አትጠቀሙ። ተፈረካክሶ ሐይቅ ይገባል፤ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ያገኘውን ሁሉ ይውጣል፣ ቆሮሶ ዓሣውም እንዲሁ፤ ያን ዓሣ ደግሞ የምንበላው እኛው ነን። ሥራ ዙሪያውን ይጎዳል ብሎ ማሰብ ለብዙ ቀራጺ አዲስ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ኦላፉር ኤሊያሰን የተባለ የጥበብ ሰው ኒው ዮርክ ላይ ኢስት ሪቨር ዳርቻ ሰው ሠራሽ ፏፏቴዎች አቁሞ ነበር፤ ከዚያ እየተረጨ የሚመጣው ጨዋማ ውሃ ብሩክሊን በኩል ያሉ ዛፎችን ስለጎዳ ፏፏቴዎቹ የሚሠሩበት ሰዓት ተቀነሰ። አባ ኮዳን ካነሳን አይቀር፣ ከፍ ያለ ነገር ሲያገኝ ይሰፍርበታል፤ ኩሱ ቀለም ይበላል። ማጠቢያ ውሃና ባልዲ በጀት ውስጥ ይግባ።

አትክልተኛውን አለመጠየቅ

ደብዳቤ ከማዘጋጃ ቤት ይዞ መምጣት ጥሩ ነው፤ ቧንቧውና የመብራት ኬብሉ በየት በኩል እንደተቀበረ የሚያውቀው ግን መናፈሻው ውስጥ ያረጁት አትክልተኛ ናቸው። ካስማ ከመምታታችሁ በፊት «አባባ፣ እዚህ ሥር ምን አለ?» በሏቸው።

መግለጫውን በመጨረሻ ሌሊት ማተም

ፀሐይ መጀመሪያ የምትበላው ቀዩን ቀለም ነው፣ ከሥራው አጠገብ የሚቆመው መግለጫ ጽሑፉ ጥቁር ይሁን። ሐዋሳ ላይ በሲዳሙ አፎም ይጻፍ፤ በአማርኛ ብቻ ጽፎ «ሕዝቡ አልተረዳንም» ማለት አያምርም። የተጋበዘ ሰው ሁሉ የሥነ ጥበብ ተማሪ አይደለምና «የህልውና ውጥረት» ምናምን ይቅርብን። ከምን እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራው፣ የት ተገኝቶ እንደሚጠየቅ ይበቃል።

ማንሻውን አለማሰብ

ገንዘቡ ሁሉ በመክፈቻው ያልቃል። አይሱዙው ተከፍሎታል፣ ክሬኑ ተከፍሎታል፣ ቆሎና ለስላሳው ተገዝቷል። ከሁለት ወር በኋላ አዘጋጁ ስልክ አያነሳም፤ ሥራው ዝጎ፣ ግማሹ ተነቅሎ፣ የከተማው ሰው «ይሄ ቆሻሻ የማነው?» እያለ ዓመት ይሞላዋል። ቀጣዩ ወጣት ፈቃድ ሲጠይቅ የሚከለከለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህኛው ስህተት ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝም ለዚህ ነው።

ማንሳት ከማቆም የሚቀል ሥራም አይደለም። ካሊፎርኒያ ላይ ሰው ከሞተ በኋላ ጃፓን ያሉት ጃንጥላዎች ሲነሱ፣ የክሬኑ ክንድ የከፍተኛ ኃይል መስመር ነክቶ አንድ ሠራተኛ በኤሌክትሪክ ሞቷል። ሲቆም በጥንቃቄ የተሠራው፣ ሲነሳ ሰው ደክሞና ተቻኩሎ ነው የሚሠራው። የክሬኑን የመልስ ሂሳብ ከመክፈቻው በፊት ክፈሉ፤ ውሉ ላይም የማንሻው ቀን፣ ሣሩን የሚተክለው ማን እንደሆነ፣ ሥራው በቀኑ ካልተነሳ ብረቱ የማን እንደሚሆን ይጻፍ።