በጉዞ ላይ እሺ ማለት፦ ለአዲስ ገጠመኝና ለአዲስ ወዳጅ በር የሚከፈትበት መንገድ

ብቻዎን ተጉዘው የሚያውቁ ከሆነ ይህን ሁኔታ አይስቱትም። ማረፊያ ቤት ውስጥ ከጎንዎ ያለው አልጋ ላይ የተቀመጠ ሰው የጫማውን ማሰሪያ እየፈታ ቀና ይልና «ነገ ከመንጋቱ በፊት ወደ ተራራው እንወጣለን፤ አብረን ብንሄድስ?» ይላል። ጥያቄው ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ይፈጃል፤ መልሱም እንዲሁ። ብዙዎቻችን ግን በዚያች አፍታ የምንሰጠውን መልስ አስበን አንሰጠውም፤ ድካም፣ ዓይን አፋርነት ወይም ይሉኝታ ቀድሞን ይመልሳል። ስለዚህ ከጉዞ በፊት መዘጋጀት ያለበት ሻንጣው ብቻ አይደለም። ለየትኛው ግብዣ ወዲያውኑ እሺ እንደምንል፣ በየትኛው ላይ ቆም ብለን እንደምንጠይቅ፣ ከእሺታችን የሚጀምረውን ትውውቅ እንዴት ወዳጅነት እንደምናደርገው አስቀድመን ልናስብበት ይገባል።

በመጀመሪያ ልብ ሊሉት የሚገባው ነገር፣ ስለማናውቀው ሰው ያለን ግምት ብዙ ጊዜ የሚሳሳት መሆኑን ነው። ኒኮላስ ኤፕሊ እና ጁሊያና ሽሮደር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ በቺካጎ አካባቢ በባቡርና በአውቶቡስ የሚመላለሱ ተሳፋሪዎችን ከፊሎቹን ከማያውቁት ሰው ጋር ጨዋታ እንዲጀምሩ፣ ከፊሎቹን ደግሞ ለብቻቸው ዝም ብለው እንዲጓዙ ጠይቀው ነበር። የተጨዋወቱት ጉዟቸው ከዝምተኞቹ ይልቅ አስደሳች እንደነበር ተናገሩ፤ ውጤቱን አስቀድመው እንዲገምቱ የተጠየቁ ሌሎች ተሳፋሪዎች ግን የተገላቢጦሹን ጠብቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሌላ ጥናትም ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ተነጋግረው ሲለያዩ፣ ያነጋገሩት ሰው ምን ያህል እንደወደዳቸው ሲጠየቁ ከእውነቱ አሳንሰው እንደሚገምቱ አሳይቷል። እንግዲህ በመንገድ ላይ «ይህ ሰው ሊያናግረኝ አይፈልግም» የሚል ሐሳብ ሲመጣብዎት፣ ሐሳቡ የመጣው ከሰውየው ፊት ይሁን ከራስዎ ፍርሃት ለይተው ይመልከቱ። ብዙውን ጊዜ ሰውየው ገና ቀና ብሎ እንኳ አላየዎትም።

እሺ ለማለት ግን ፈቃደኛ ልብ ብቻውን አይበቃም፤ ባዶ ጊዜም ያስፈልጋል። የጉዞ ዕቅዱ በየሰዓቱ የተሞላ ሰው ከግብዣ ሁሉ የሚያመልጠው ባለመፈለጉ ሳይሆን የሚቀጥለው ቲኬት አስቀድሞ ስለተቆረጠ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ማረፊያ ይያዙና ከዚያ በኋላ ያለውን ክፍት ይተዉት፤ ይህን ማድረግ የማያስችል ወቅት ከሆነ ደግሞ በየ4 ወይም 5 ቀኑ ምንም ያልተያዘበት አንድ ቀን ያስቀምጡ። ቀን ሊቀየርበት የሚችል ቲኬት ጥቂት ብልጫ ዋጋ ቢኖረውም ለእኔ የሚያስቆጭ ወጪ ሆኖ አያውቅም። ከጠቅላላው የጉዞ ገንዘብዎ ላይም ለድንገተኛ ግብዣ የሚሆን ትንሽ መጠን ለይተው ያስቀምጡ፤ በዚህ መንገድ ጥያቄው በመጣ ጊዜ «አቅሜ ይፈቅዳል ወይ?» የሚለው ስሌት አስቀድሞ ተሠርቶ ያልቃል።

የሚያርፉበትን ቤትም ለዚሁ ዓላማ ይምረጡ። ጀርመናዊው መምህር ሪቻርድ ሺርማን እ.ኤ.አ. በ1909 ከተማሪዎቹ ጋር በእግር ሲጓዝ ኃይለኛ ዝናብ ይዟቸው በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለው ካደሩ በኋላ ነበር ለወጣት መንገደኞች የሚሆን ርካሽ ማደሪያ ማቋቋም እንደሚገባ ያሰበው፤ በ1912 በአልቴና ቤተ መንግሥት ውስጥ የተከፈተው ማደሪያም ዛሬ ሆስቴል ለምንለው ነገር ሁሉ መነሻ ሆነ። ሐሳቡ በዋጋ ርካሽነት ላይ ብቻ የተመሠረተ አልነበረም፤ ሰዎች አንድ ክፍልና አንድ አዳራሽ ሲጋሩ ሳይፈልጉም ይተዋወቃሉ። ዕድሜዎ ወይም እንቅልፍዎ በጋራ ክፍል ማደርን የማይፈቅድልዎ ከሆነ የግል ክፍል ይያዙ፤ ሆኖም የጋራ መቀመጫ ያለበትን ቤት ይምረጡና ማታ ማታ መጽሐፍዎን ይዘው እዚያ ይቀመጡ። የጆሮ ማዳመጫውን ግን ከጆሮዎ ያውጡት።

ግብዣ እስኪመጣ መጠበቅም የለብዎትም፤ ሌላው ሰው እሺ የሚልበትን ጥያቄ ራስዎ ማቅረብ ይችላሉ። «አንድ ቀን አብረን እንወጣለን» የሚለው አባባል ደግ ቢመስልም ማንንም ከመቀመጫው አያነሣም፤ ቀን የለውም፣ ቦታ የለውም፣ እሺ ቢባልም የሚቀጥለው እርምጃ አይታወቅም። «ነገ ጠዋት በ2 ሰዓት ወደ ሐይቁ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ከእኩለ ቀን በፊት እመለሳለሁ፤ መምጣት ከፈለጉ በሩ ላይ እንገናኝ» የሚለው ግን ሁሉንም ይዟል። ሰዓቱና ቦታው የታወቀ ነው፣ መመለሻው የታወቀ ነው፣ እርስዎም ብቻዎን ቢሆኑ እንኳ ስለሚሄዱ ተጠያቂው እምቢ ለማለት አይጨነቅም። ሰውን ሳያስጨንቁ መጋበዝ ትልቅ ክብር ነው፤ እንዲህ የተጋበዘ ሰው ባይመጣ እንኳ በማግስቱ ሰላምታውን አይነፍግዎትም።

የመጀመሪያው እሺታ ትንሽ ይሁን። ከሰው ጋር በተዋወቁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለአንድ ሳምንት ጉዞ ቃል መግባት አያስፈልግም፤ ከሰዓት በኋላ አብሮ መራመድ፣ እስከ ጣቢያው አንድ ታክሲ መጋራት፣ አንድ ሙዚየም አብሮ መጎብኘት ይበቃል። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ሰውየው ቀጠሮ ያከብር እንደሆነ፣ አስተናጋጆችንና ሾፌሮችን እንዴት እንደሚያናግር፣ ደከመኝ ሲሉት ምን እንደሚል ያያሉ። እኔ በተለይ የመጨረሻውን እመለከታለሁ፤ «እንረፍ» ስለው ሳያጉረመርም ድንጋይ ፈልጎ የሚቀመጥ ሰው ለረጅም መንገድም ይሆናል።

ትውውቁን ወዳጅነት የሚያደርገው በአብዛኛው ጊዜ ነው። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ትውውቅ ወደ ተራ ጓደኝነት ለመሸጋገር 50 ሰዓት ገደማ፣ ወደ ጓደኝነት 90 ሰዓት ገደማ፣ ወደ ቅርብ ወዳጅነት ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍን እንደሚጠይቅ ገምቷል። ጥናቱ የተካሄደው ወደ አዲስ ከተማ በተዛወሩ ሰዎችና በአዲስ ተማሪዎች ላይ እንጂ በመንገደኞች ላይ አይደለም፤ ቢሆንም ቁጥሩን ወደ ጉዞ ስናመጣው አንድ ነገር ይገለጥልናል። በሳምንት ሁለት ሰዓት የሚገናኙ ሁለት ሰዎች 50 ሰዓት ለመሙላት 25 ሳምንት ይፈጅባቸዋል፤ በቀን 10 ሰዓት አብረው የሚውሉ መንገደኞች ግን በ5 ቀን ይሞሉታል። የመንገድ ወዳጅነት ቶሎ የሚጠነክረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ «የሦስት ቀን ትውውቅ ነው» እየተባለ መናቁም አግባብ አይደለም።

ሰዓቱ በምን እንደሚያልፍም ልዩነት አለው። አንድ ሌሊት የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ተራራማ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቆመ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ 6 ሰዓት ያህል ጎን ለጎን ተቀምጠን አንድ ቃል አልተለዋወጥንም ነበር። ሾፌሩ ከሞተሩ ሥር ተጋድሞ ሲሠራ አንድ ወጣት የእጅ ባትሪውን አውጥቶ አበራለት፤ ክንዱ ሲዝል ለእኔ አቀበለኝ፣ እኔም ሲደክመኝ አጠገቤ ለቆመች ሴት ሰጠኋት። አንዲት የእሳት እራት የባትሪው መስታወት ላይ እያረፈች ትልቅ ጥላዋ ብሎኑን ሲሸፍንበት፣ ሾፌሩ ከሥር ሆኖ «ብርሃን! ብርሃን!» ይላል፤ ሴትዮዋም በአንድ ጣቷ ቀስ አድርጋ ታባርራታለች። እንዲህ እየተቀባበልን ሁለት ሰዓት ቆምን። ስለ ሥራችንም ሆነ ስለ ትውልድ አገራችን አልተጠያየቅንም፤ ሲነጋ ግን ሦስታችንም አንድ ወንበር ላይ ተጣበን ተቀምጠን ነበር፣ የሚቀጥሉትን አራት ቀናትም አብረን ተጓዝን። ከዚያ ወዲህ የመምረጥ ዕድል ሲገጥመኝ ተቀምጦ ከማውራት ይልቅ እጅ ለሚጠይቅ ግብዣ ቅድሚያ እሰጣለሁ፦ ድንኳን ለመትከል፣ ጀልባ ለመቅዘፍ፣ ካርታ ይዞ መንገድ ለመፈለግ። በተለይ ዓይን አፋር ለሆነ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሥራው ራሱ የሚባለውን ነገር ያመጣለታል።

አሁን ጥንቃቄ ወደሚያስፈልገው ጉዳይ እንምጣ። ለሰው ፈጥነን እሺ ማለት እንችላለን፤ ለአደጋ ግን መዘግየት አለብን። ማንኛውም ግብዣ ሲቀርብልዎ ራስዎን ሁለት ነገሮች ይጠይቁ፦ መሀል ላይ ብተወው በራሴ መመለስ እችላለሁ ወይ? የት እንዳለሁና መቼ እንደምመለስ የሚያውቅ ከቡድኑ ውጪ ያለ ሰው አለ ወይ? ለሁለቱም መልሱ አዎ ከሆነ እሺ ማለት አያስፈራም። አንዱ ከጎደለ፣ የጎደለው እስኪሟላ ድረስ መልስዎን ያቆዩ፤ ለማረፊያ ቤቱ ሠራተኛ ወይም ለቤተሰብ አንድ መልእክት መላክ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውን ይሞላዋል።

የሌላው መንገደኛ አካል የእርስዎ አካል እንዳልሆነም አይርሱ። ወደ ተራራ የሚጋብዝዎት ቡድን በከፍታው ላይ አንድ ሳምንት ከርሞ ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ ግን ከዝቅተኛ ቦታ ትናንት የመጡ ነዎት። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጡ የሚያድሩበትን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር፣ በየ3 ወይም 4 ቀኑም አንድ ቀን ማረፍ የታወቀ መመሪያ ነው፤ ራስ ምታቱ ከማቅለሽለሽ ጋር እየባሰ ከሄደ መፍትሔው መውረድ ነው እንጂ መበርታት አይደለም። የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ወደ ባሕር ለመጥለቅ ሲጋበዙ ደግሞ መጀመሪያ የበረራዎን ሰዓት ይመልከቱ። አንድ ጊዜ ብቻ ቀለል ባለ ሁኔታ ከጠለቁ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተደጋጋሚ ወይም በተከታታይ ቀናት ከጠለቁ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆዩ አውሮፕላን መሳፈር የለብዎትም፤ በደም ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን የአየር ግፊቱ ሲቀንስ አረፋ ሠርቶ ጉዳት ያደርሳልና። ሞተር ብስክሌት ተከራይቶ መሄድም እንዲሁ ነው። ብዙ የጉዞ መድን ውሎች ለዚያ ዓይነት ተሽከርካሪ የሚያገለግል መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው ለሚጎዳ ሰው አይከፍሉም፤ ስለዚህ ውሉን ከቤት ሳይወጡ ያንብቡት። ድንበር ሲሻገሩ ደግሞ ወዳጅዎ ምንም ያህል ደግ ቢሆን የእርሱን ሻንጣ አይያዙለት፤ ፓስፖርትዎንም ከእጅዎ አይለዩ።

እዚህ ላይ ይሉኝታ የሚያደርሰውን ጉዳት በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ሳይፈልጉ በይሉኝታ የተሰጠ እሺታ ከቀጥተኛ እምቢታ ይልቅ ወዳጅነትን ይጎዳል፤ እየተጎተተ የሚሄድ ሰው ራሱም አይደሰትም፣ አብረውት ያሉትንም ያሳቅቃል። እምቢ ሲሉ ሰበብ መደርደር አያስፈልግም። «ይህ ለእኔ ከበድ ይላል፤ ማታ ስትመለሱ ግን እጠብቃችኋለሁ፣ ያያችሁትን ትነግሩኛላችሁ» ማለት ግብዣውን ይመልሳል እንጂ ጋባዡን አይመልስም። ማታ በእርግጥ ይጠብቋቸው።

አብሮ መጓዝ ከተጀመረ በኋላ ወዳጆችን የሚያቀያይመው ትልቅ ጉዳይ አይደለም፤ የመነሻ ሰዓት፣ የእርምጃ ፍጥነትና ገንዘብ ነው። ሦስቱንም በመጀመሪያው ቀን ማታ ይነጋገሩባቸው፤ የጋራ ወጪን አንድ ሰው እየመዘገበ በየሁለት ቀኑ ሒሳብ መዝጋት ከብዙ ቅሬታ ያድናል። በተረፈ ከፈረንሳይ ሳን ዣን ፒዬ ደ ፖር ተነሥቶ በሰሜን ስፔን በኩል እስከ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ 780 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀውን ጥንታዊ የመንፈሳዊ ተጓዦች መንገድ የሚሄዱ ሰዎች ልማድ ደስ ይለኛል። ቀን እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት ይራመዳል፤ ማታ በማረፊያው ሲደርሱ እነዚያው ሰዎች ይገናኛሉ። እርስዎም አብረው የሚጓዙ ከሆነ በየጥቂት ቀኑ ግማሽ ቀን ለየብቻ ይዋሉ። ሲመለሱ የሚነጋገሩበት አዲስ ነገር ይዘው ይመጣሉ።

መለያየቱ ሲደርስ ስልክና አድራሻ መቀባበል የተለመደ ነው፤ አብዛኛው አድራሻ ግን አንድም መልእክት ሳይላክበት ይቀራል። ምክንያቱ ፍቅር ማጣት ሳይሆን፣ ጊዜው ሲረዝም ምን ብሎ መጀመር እንዳለበት ሰው ስለሚጠፋበት ነው። ስለዚህ በተለያዩ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ይጻፉ። «እንዴት ነህ?» ወይም «እንዴት ነሽ?» ብቻ ብለው አይተዉት፤ ለሁለታችሁ ብቻ ትርጉም ያለው አንድ ነገር ያንሡ። ከሁሉ የሚሻለው ወዳጅዎ ሳያውቅ እርስዎ ያነሱትን የእርሱን ፎቶግራፍ መላክ ነው፤ ብቻውን የሚጓዝ ሰው የራሱ ፎቶግራፍ እምብዛም የለውምና። ከሥሩም ቀኑንና ቦታውን ይጻፉበት።