ወላጆቻችንን ስንጦር የምንሠራቸው ስህተቶች

«ጃጅተዋል» ብሎ መተው። አባት ትናንት ደህና ሲያወጉ አምሽተው ዛሬ ልጃቸውን መለየት ካቃታቸው፣ ነገሩ መጃጀት አይደለም። የመርሳት ችግር ቀስ እያለ በወራትና በዓመታት ነው የሚመጣው። በአንድ ሁለት ቀን የመጣ መቃዠት ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ምክንያት አለው፦ የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት፣ የስኳር መውረድ፣ አንዳንዴም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት። በዚህ ዕድሜ ኢንፌክሽን ያለ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል። ግንባር ዳስሶ «አላተኮሳቸውም» ማለት አያስተማምንም። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው። አፍ ከተጣመመ ወይም አንድ ወገን ከዛለ ደግሞ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

ጾምና ኪኒንን ሳያስማሙ መተው። ጎጃም ላይ ትልቁ ጣጣ ይሄ ይመስለኛል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ጠዋት የስኳር ኪኒን ውጠው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ የሚቆዩ እናቶች አሉ። እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ኪኒን፣ ኢንሱሊንም እንዲሁ፣ በባዶ ሆድ ስኳሩን ከልክ በላይ ያወርደዋል። ያልባቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ራሳቸውን ሊስቱም ይችላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ለጾሙ ሲሉ ኪኒኑን ጭራሽ ይተዉታል። ልጆች «እማዬ፣ ጾሙን ተይው በቃ» እያሉ ይጨቀጭቃሉ። እሷ እንደሆነች አትሰማም፤ ቢበዛ ተደብቃ ትጾማለች። ይልቅ የንስሐ አባቷን ያነጋግሩ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾሙን ታቀላለች፣ የካህን ቃል ደግሞ ይሰማል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪም ዘንድ ሄዶ የኪኒኑን ሰዓትና መጠን ማስተካከልም ያስፈልጋል። ጸበልም እንደዚሁ ነው፦ ይጠመቁ፣ መድኃኒቱን ግን አያቋርጡ።

«ተሽሎኛል» ሲሉ የግፊት ኪኒን ማቆም። ደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም። የተሻላቸው ኪኒኑ ስለሠራ ነው።

ከከተማ ማስታገሻ መላክ። ይቺ የእኛ የከተማ ልጆች ሥራ ናት። ለጉልበት ሕመም ተብሎ በየበዓሉ የሚላከው ዳይክሎፌናክ ግፊት ይጨምራል፣ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። ሐኪም ሳያውቅ አይላክ።

ወድቀው መነሣት ሲያቅታቸው ወጌሻ መጥራት። እግራቸው አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ ዳሌ አካባቢ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ማሸት ያባብሰዋል። ራጅ ይነሡ።

ዓይንን ችላ ማለት። ሞራ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይወጣል። በትራኮማ ምክንያት ወደ ውስጥ የዞረ ሽፋሽፍት ግን በወረንጦ ሲነቀል መልሶ ይበቅላል፣ ብሌኑንም ይቧጭራል። ለእሱም ቀዶ ሕክምና አለ።

ሁሉን ነገር በአንዷ ላይ መጣል። ከአልጋ መነሣት ያልቻለን ሰው ቀንም ሌሊትም በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጀርባውና ዳሌው ይቆስላል። ይህን አንዲት ልጅ ወይም ምራት ብቻዋን አትችለውም። እንቅልፍ ያጣች አስታማሚ ራሷ ትታመማለች። ገንዘብ የሚልከው ወንድም አልፎ አልፎ መጥቶ ሌሊቱን ይረከባት።

የጤና መድኑን ሳያድሱ መቆየት። የጎጃሟ ደቡብ አቸፈር፣ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ከተሞከረባቸው የመጀመሪያ ወረዳዎች አንዷ ናት፤ ዛሬ አሠራሩ ለገበሬው እንግዳ አይደለም። ግን መታወቂያው በየዓመቱ ይታደሳል፣ ብዙ ቤተሰብ ደግሞ የሚያስታውሰው ሰው ሲታመም ነው። የእድሳቱን ጊዜ ከቀበሌ ጠይቀው ስልክዎ ላይ ይመዝግቡት። ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ሲሄዱም የሪፈር ወረቀቱን ይዘው ይሂዱ።