አንዱን መስመር በእጅ፣ ቀሪውን በማክሮ

ከኤክሴል የተገለበጠ የከተሞች ዝርዝር አለ እንበል። በየመስመሩ አንድ ስም ነው፦ አዳማ፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር እያለ ወደ 70 ይደርሳል። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በተጻፈ ኮድ ውስጥ ለማስገባት እያንዳንዱ ስም በጥቅስ ምልክት መከበብ አለበት፣ ከኋላውም ኮማ ይፈልጋል። አንድ በአንድ ከነካካችሁት እጅ ይዝላል፣ የሆነ ቦታ ላይም ኮማ መዘለሉ አይቀርም። ማክሮ ይህን ያስቀራል፦ ኤዲተሩ (ኮዱን የምትጽፉበት ፕሮግራም) የተጫናችኋቸውን ቁልፎች በቅደም ተከተል ቀርጾ ራሱ ይደግምላችኋል።

ኖትፓድ++ በሚባለው ኤዲተር ላይ እንሞክረው። ነፃ ነው፣ ለደከመ ላፕቶፕም አይከብድም።

ከሁሉ በፊት ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ። ስሞቹ በአማርኛ ቢሆኑም የምትጨምሩት ጥቅስና ኮማ ብቻ ነው። አማርኛው እንደበራ ከቀረ በኮማው ፋንታ «፣» ሊገባ ይችላል፤ ፓይተን ደግሞ እሱን አያውቀውም።

አሁን ከርሰሩን አዳማ ላይ አድርጉና «ማክሮ» ከሚለው ሜኑ «ስታርት ሪኮርዲንግ» በሉ። «ሆም» ተጫኑ፣ ጥቅስ ጻፉ። «ኤንድ» ተጫኑ፣ ጥቅስና ኮማ ጻፉ። የታች ቀስቱን አንዴ፣ ከዚያ «ሆም»ን እንደገና ተጫኑ። ከዚያው ሜኑ «ስቶፕ ሪኮርዲንግ» ብላችሁ ቀረጻውን ዝጉ። አዳማ አልቋል፣ ከርሰሩም ድሬዳዋ መጀመሪያ ላይ ቆሟል።

ማውሱን አትንኩ፤ ክሊክ አይቀረጽም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው አካሄዱ ላይ ነው። ወደ ቃሉ መጨረሻ ለመድረስ የቀኝ ቀስቱን ሦስቴ ብትጫኑ አዳማ ላይ በትክክል ይሠራል። ድሬዳዋ ግን አራት ፊደል ነው፤ ጥቅሱ ከ«ዋ» በፊት ይሰነቀራል። «ኮንትሮል» ይዞ በቃል በቃል መዝለልም ብዙ አያዋጣም፣ ባሕር ዳር ሁለት ቃል ነውና። «ሆም» እና «ኤንድ» ግን የመስመሩ ርዝመት አያገባቸውም። ወደ ቀጣዩ መስመር መውረዱንም ቀረጻው ውስጥ ካላስገባችሁት ማክሮው አዳማን ብቻ በጥቅስ ሲያጭቅ ይውላል።

ቀጥሎ «ፕሌይባክ» አንዴ ብቻ በሉ (አቋራጩ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ፒ ነው)። ድሬዳዋ በደንብ ከወጣ «ራን ኤ ማክሮ መልቲፕል ታይምስ» የሚለውን ክፈቱና እስከ ፋይሉ መጨረሻ እንዲሄድ ምረጡ። ሁሉም ባንዴ ይስተካከላል። የመጨረሻዋን መስመር በዓይን ማየት ግን አይከፋም። ነገ ተነገ ወዲያም የምትፈልጉት ከሆነ እዚያው ሜኑ ላይ ስምና አቋራጭ ሰጥታችሁ አስቀምጡት።

አንዳንድ ኤዲተር ጥቅስ ስትከፍቱ መዝጊያውንም ከራሱ ይጨምራል። እንዲህ የሚያደርግ ከሆነ ከቀረጻ በፊት አጥፉት፣ አለዚያ ጥቅሱ ይበዛል።

ቪም የሚባለውን ኤዲተር ለለመደ ሰው ነገሩ አጭር ነው። «ኪው» ከዚያ «ኤ» ሲጫን ቀረጻ ይጀምራል፤ አንዱን መስመር አስተካክሎ፣ በ«ጄ» ወደ ታች ወርዶ፣ በ«ኪው» መዝጋት ነው። ከዚያ 100 ብሎ @ እና «ኤ» መጫን። መስመሩ 70 ቢሆንስ? ችግር የለም፤ መጨረሻው ላይ «ጄ» የሚወርድበት ሲያጣ ማክሮው ራሱ ይቆማል። ስለዚህ መስመር ቆጠራ ውስጥ አትግቡ። ኢማክስ በሚባለው ሌላ ኤዲተር ላይ ኤፍ3 ቀረጻውን ይጀምራል፣ ኤፍ4 ይዘጋል፣ ያው ኤፍ4 ይደግማል። ኢማክስማ እ.ኤ.አ. በ1976 ኤም.አይ.ቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲጀመር ቴኮ ለሚባል ኤዲተር የተሰባሰቡ ማክሮዎች ነበር።

ቪኤስ ኮድ የሚባለው ኤዲተር ደግሞ አብሮት የሚመጣ የማክሮ መቅረጫ የለውም። እሱ ላይ መስመሮቹን ምረጡና ሺፍትና ኦልት ይዛችሁ «አይ»ን ተጫኑ፤ በየመስመሩ መጨረሻ ከርሰር ይቆማል። ጥቅስና ኮማውን ጻፉ፣ «ሆም» ብላችሁ የመክፈቻውን ጥቅስ ጨምሩ፣ በ«ኢስኬፕ» ውጡ።