የአክቲቭ ቤዝ ጊታራችሁ ባትሪ ቶሎ ያልቃል?
አክቲቭ ቤዝ (ውስጡ በባትሪ የሚሠራ የድምፅ ማጠናከሪያ ያለው ቤዝ ጊታር) የምትጫወቱ ሁሉ፣ ስትጨርሱ ገመዱን ከጊታሩ ንቀሉ። በአብዛኞቹ አክቲቭ ቤዞች ባትሪውን የሚያበራውና የሚያጠፋው ራሱ የገመዱ መሰኪያ ነው፤ ገመዱ እስከተሰካ ድረስ አምፕሊፋየሩ ቢጠፋም፣ ድምፁን እስከ ዜሮ ብትቀንሱትም ባትሪው ማለቁን አያቆምም። ወደ ፓሲቭ (ድምፁ በባትሪው ማጠናከሪያ ሳያልፍ ወደሚወጣበት ሁኔታ) መቀየሪያውም ብዙ ጊዜ ባትሪውን አያቋርጠውም፤ ይህን ብዙዎች አያውቁም።

ድምፁ ከሳሳ፣ ወይም ክሩን ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱ ከሻከረ ባትሪው ደክሟል። መልቲሜትር ካላችሁ ለኩት፦ አዲስ ባለ 9 ቮልት አልካላይን ከ9 በላይ ያሳያል። እኔ ወደ 8 ሲወርድ እቀይረዋለሁ፤ መድረክ ላይ ድምፅ ከሚጠፋብኝ ትንሽ ቀደም ብዬ ባወጣው ይሻላል። ሁለት ባትሪ የሚወስድ ከሆነ ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይሩ። ለወራት የማትነኩት ከሆነ ደግሞ ባትሪውን አውጥታችሁ አስቀምጡት፤ ፈሳሹ ከወጣ መያዣውን ይበላዋል።